ለትልቅ የሪሞት መኪና የሚሆን መሪ፦ ሰርቮ፣ የመስኮት ሞተር ወይስ ሌላ?

ትልቅ የሪሞት መኪና ለመሥራት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መንጃ ሞተሩ ነው። ምን ያህል ይፈጥናል? ዳገት ይወጣል? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? መሪው የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ያስፈታኝና ብዙ ብር ያስወጣኝ ግን መሪው ነው።

የሠራሁት ኤን ትሬ ነው። ፊያት 682 ኤን 3፣ ያቺ አሰብ መንገድ ላይ ስታቃስት የኖረች፣ ትልልቆቻችን በድምጿ ከሩቅ የሚለዩዋት የጭነት መኪና። የእኔዋ የእውነተኛዋ ሩብ ገደማ ናት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 1 ሜትር፣ ከኪንግፒን (የፊት ጎማ ሲታጠፍ ከሚዞርበት ፒን) እስከ ኪንግፒን 45 ሴንቲ ሜትር። ሻሲዋ ቱቦላሬ ነው፣ ጎማዎቿ የዕቃ መግፊያ ጋሪ ጎማዎች ናቸው። ባትሪዋ ሲጫን 45 ኪሎ ትመዝናለች። ግማሽ ኩንታል ሊሞላት 5 ኪሎ ነው የቀራት።

የመጀመሪያው መሪዋ 60 ኪሎ የሚል ሰርቮ ነበር፤ ሰርቮ ማለት በታዘዘው ልክ ዞሮ እዚያው የሚቆም ትንሽ ሞተር ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቁልቁለት ላይ አቆምኳት። መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙሬ ጋዝ ሰጠሁ። ሰርቮው ታግሎ አቃተው። በትግሉ መሃል ኤሌክትሪኩን ስለጠጣው፣ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ጠፍቶ ተነሳ። በዚያች ቅጽበት ቁልቁለቱ ወሰዳት። የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ላይ ነው የቆመችው። ከአጥሩ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን መኪናዋን ተሸክሜ ቤት ገብቼ፣ መሪውን እንደገና ከዜሮ እስክሠራ ድረስ ደጅ አላወጣኋትም።

እንግዲህ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው። ከሁሉም በፊት ግን የምታወጡት አንድ ቁጥር አለ።

ስንት ጉልበት ያስፈልጋችኋል?

መሪ የሚከብደው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። እየተንከባለለ ያለ ጎማ በቀላሉ ይዞራል። የቆመ ጎማ ግን አስፋልቱን እየፋቀ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ስሌቱን ለቆመ መኪና ሥሩ።

የሰርቮ ጉልበት የሚለካው በኪሎ ሴንቲ ሜትር ነው። «60 ኪሎ» የሚለው ሰርቮ 1 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ ጫፍ 60 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። ክንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 30 ኪሎ ብቻ ነው የሚይዘው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ፊቱ ስንት ኪሎ እንደተሸከመ እዩ። ለደረቅ አስፋልት በ0.8 አባዙት፤ ይህ ሰበቃው ነው። ቀጥሎ ሁለት ርዝመቶች ለኩ። አንዱ የጎማው ስፋት ነው። ሌላው የኪንግፒኑ መስመር ወደታች ቢቀጥል መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት ነው። የጎማውን ስፋት በራሱ አባዝታችሁ ለ8 አካፍሉ። ርቀቱንም በራሱ አባዝታችሁ ደምሩበት። የድምሩን ስኩዌር ሩት ካወጣችሁ በኋላ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አባዙት። የሁለቱ ጎማ ጉልበት በኪሎ ሴንቲ ሜትር ይመጣላችኋል። ግምት ነው፤ ግን ለመግዛት የሚበቃ ግምት ነው።

የኤን ትሬን ልንገራችሁ። ፊቷ 20 ኪሎ ይሸከማል። ጎማዋ 8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ኪንግፒኑን መጀመሪያ የበየድኩት ቀጥ አድርጌ፣ ከጎማው መሃል 6 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነበር። ሲሰላ 106 ኪሎ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያ 60 ኪሎ የሚል ሰርቮ ለምን እንደተዘረረ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ብየዳ ቤት ተመለስኩ። ኪንግፒኑን 12 ዲግሪ አዘነበልኩት፤ ራሱ ወደ መኪናው መሃል፣ እግሩ ወደ ጎማው። የጎማው ቁመት ግማሹ 13 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ መስመሩ መሬት ላይ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎማው ተጠጋ። የማያስፈልግ ሮንዴላና ቦኮላ አውጥቼ ሌላ 1.2 ቀነስኩ። ርቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሁን ሲሰላ 55 ኪሎ ሴንቲ ሜትር ነው።

በግማሽ ወረደ ማለት ነው። አዲስ ሞተር አልተገዛም፣ ባትሪ አልተጨመረም፤ ሁለት ቁራጭ ብረት ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ስለዚህ ሰው ሁሉ «የትኛውን ሰርቮ ልግዛ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ የኪንግፒንህን ርቀት ለክተሃል?

ያገኛችሁትን ቁጥር እጥፍ አድርጉት። ጠጠር አለ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አለ፣ ባትሪ ይደክማል። ለእኔ 110 መጣ። ከዚህ ላይ የክንዶቹ ልዩነት ያግዛችኋል። የሰርቮው ክንድ 3.5፣ ጎማው ላይ ያለው ክንድ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉልበቱ በ1.7 ይባዛል። ሰርቮው 60 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 30 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ከሰርቮው የሚፈለገው 65 አካባቢ ይሆናል።

አንድ ትልቅ ሰርቮ

ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ሦስት ገመድ፣ አራት ቡሎን፣ አለቀ። ከሪሲቨሩ የሚመጣለት ምልክት በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ ነው። ምልክቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም ሰርቮው መሃል ላይ ይቆማል። ወደ 1 ሲያጥር በአንድ በኩል፣ ወደ 2 ሲረዝም በሌላው በኩል ይዞራል። የት እንደደረሰ ራሱ ያውቃል፤ እናንተ ምንም ፕሮግራም አትጽፉም። መኪናችሁ እስከ 15 ኪሎ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ይህንኑ ግዙና ወደሚቀጥለው ሥራ እለፉ።

ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሰርቮው ታግቶ ሲቆም የሚያወጣው ነው፤ ያውም ሰርቮው በሚችለው ከፍተኛ ቮልት። በዚያ ጉልበት ደጋግሞ የሚሠራ ሰርቮ ይቃጠላል። ከተጻፈው ግማሹን ብቻ እንደምታገኙ ቁጠሩ። ለእኔ 65 ካስፈለገ የምገዛው 130 ወይም 150 የሚል ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ናቸው። ሦስት ሴል ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ ዓይነት) ሙሉ ሲሞላ 12.6 ቮልት ስለሆነ፣ ሰርቮው የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት ሳታነቡ አትሰኩ።

ኤሌክትሪኩ የብዙ ሰው ችግር ነው፤ የእኔም ነበር። የመንጃ ሞተሩ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 አምፔር ነው የሚሰጠው። ትልቅ ሰርቮ ሲታገት ከዚያ በላይ ይስባል። ያኔ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል። ስለዚህ ለሰርቮው የራሱ ምንጭ ስጡት፤ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ፊውዝ። ሪሲቨሩን በሌላ ትንሽ ባትሪ አሠሩት። ጥቁሮቹ ገመዶች ብቻ በጋራ ይገናኙ፤ ቀዮቹ አይገናኙ።

ሌላው የሰርቮው ዘንግ ነው። ዘንጉ ለመዞር እንጂ ጭነት ለመሸከም አልተሠራም። ከጎማ የሚመጣውን ዱላ በቀጥታ እሱ ላይ አታሳርፉ። መሃል ላይ በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ መካከለኛ ክንድ አድርጉ፤ ሰርቮው እሱን ይግፋ፣ እሱ ጎማውን ይግፋ። የሰርቮው ክንድም ብረት ይሁን። ስትገዙ የጥርሱን ቁጥር እዩ። የተለመደው 25 ጥርስ ነው፤ የእውነተኛው አንድ አምስተኛ ለሚሆን መኪና ከሚሸጡት ውስጥ ግን 15 ጥርስ የሆኑ አሉ። ሁለቱ አይገጥሙም።

አዲስ አበባ ላለን ሰዎች አንድ ጉዳይ ይጨመራል፦ ማግኘቱ። ትልልቅ ሰርቮ የሚመጣልን በአብዛኛው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ሰርቮው በሻንጣ ችግር የለበትም። ሊፖ ባትሪ ካስላካችሁ ግን ለላኪው ንገሩት፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። የእኔ ሰርቮ ሲቃጠል ምትኩን ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። መኪናዋ ሁለት ወር ጥግ ይዛ ቆመች። ያ ጊዜ ነው ዓይኔን ወደ ሶማሌ ተራ፣ ወደ አሮጌ የመኪና ዕቃ መሸጫው፣ የመለሰው።

ሁለት ሰርቮ

ለአንድ ሥራ ሁለት መግጠም የሚታሰበው አንዱ ሲያንስ ነው። በደንብ ከተገጠመ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ችግሩ ሁለቱ መሃላቸው እኩል ካልሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። መኪናው ቆሞ፣ ማንም ሪሞቱን ሳይነካ ሰርቮዎቹ ጥዝዝ እያሉ ይሞቃሉ። ሪሞቱ ለእያንዳንዱ ለብቻው መሃልና ዳር የሚያስተካክል ካልሆነ አልመክርም። የሚገፉትን ዘንግ ሰክታችሁ ስትገጥሙ ጣት ቢያርፍባቸው ለብ እንኳን ማለት የለባቸውም። ለሁለቱ የምታወጡት ብር ለአንድ ጠንካራ ሰርቮ ይበቃል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የመስኮት ሞተር

አሁን ኤን ትሬ ላይ ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የመኪና በር ውስጥ መስታወት የሚያወጣና የሚያወርድ ሞተር 12 ቮልት ነው። ውስጡ ባለ ጥምዝ ጥርስ አለ፤ ሞተሩ ጥርሱን ያዞራል እንጂ ጥርሱ ሞተሩን አያዞርም። ይህ ለመሪ ትልቅ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ባይኖረውም ጎማው ባለበት ይቆማል። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ባትሪ አይበላም። ሰርቮ ግን ጎማውን ለመያዝ ብቻ ሳያቋርጥ ይስባል።

ሲታገት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሴንቲ ሜትር ያወጣል፤ ባዶውን በደቂቃ ከ80 ዙር በላይ ይዞራል። በቀጥታ ቢገጠም ለመሪ ይፈጥናል። እኔ በሰንሰለት አዘገየሁት። ሞተሩ ላይ ባለ 11 ጥርስ፣ መካከለኛው ክንድ ላይ ባለ 33 ጥርስ። ፍጥነቱ ሲሶ ሆነ፣ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ። የክንዶቹ 1.7 ሲጨመርበት አምስት እጥፍ ነው። ለ55ቱ ሞተሩ የሚያወጣው 11 አካባቢ ብቻ ይሆናል። ከአቅሙ አንድ ስምንተኛ አካባቢ ማለት ነው። ጎማው ከዳር እስከ ዳር በ1 ሰከንድ ገደማ ይዞራል። ለጭነት መኪና ከበቂ በላይ ነው።

አቅሙን ይህን ያህል ማሳነስ የፈለግኩበት ምክንያት አለ። አብዛኞቹ የመስኮት ሞተሮች ውስጥ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያፍን መከላከያ አለ። መስታወት ላይ ልጅ ተሰቅሎ ቢታገት ሞተሩ እንዳይቃጠል የተደረገ ነው። ለበር ጥሩ ነው። መሪ ላይ ግን በመንገድ መሃል ሞተሩ «አልሠራም» ይላችኋል፣ እስኪቀዘቅዝ። በዝቅተኛ ጉልበት ከሠራ አይሞቅም። ስለዚህ የመስኮት ሞተር ከመረጣችሁ ሰንሰለቱን ወይም ሌላ ማዘግያ አትዝለሉት።

የሞተሩን ትንሽ ጥርስ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ሰንሰለት የሚይዘው ጥርስ እንዲገጥሙላችሁ አድርጉ። እዚያው ብየዳ ብቻ አይበቃም፤ መሃሉ ካልተስተካከለ ሰንሰለቱ በየዙሩ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል።

ይህ ሞተር ከሰርቮ የሚጎድለው የት እንደደረሰ አለማወቁ ነው። ያን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። መካከለኛው ክንድ ዘንግ ጫፍ ላይ የሬዲዮ ቮልዩም አስገቡ፤ ፖቴንሽዮሜትር ማለት ነው። «ቢ 10 ኬ» የሚል ይሁን። «ኤ» የሚለው ለድምፅ የተሠራ ነው፤ እኩል አይጨምርም፣ መሪው በአንድ በኩል ይፈዛል። ከዘንጉ ጋር በአጭር የጎማ ቱቦ አገናኙት። በብረት ብታስሩት ትንሽ ጥመት ውስጡን በሁለት ሳምንት ይበላዋል።

ከዚያ አርዱይኖ ናኖ ይገባል፤ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ሪሲቨሩ የሚፈልገውን ያነባል፣ ቮልዩሙ ያለበትን ያነባል፣ ልዩነቱን ያያል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በሙሉ ኃይል ይገፋል፣ ሲቀርብ ይቀንሳል፣ ሲደርስ ያቆማል። የቮልዩሙ ንባብ ከ0 እስከ 1023 ነው። እኔ ልዩነቱ ከ6 በታች ሲሆን እንዲያቆም አደረግኩት። ከዚያ ባሳነሰው ሞተሩ መሃሉን እየፈለገ ወዲያ ወዲህ ይንቀጠቀጣል። አንድ መስመር ግን ፈጽሞ አትርሱ፦ ንባቡ ከ20 በታች ወይም ከ1000 በላይ ከሆነ ሞተሩ ይቁም። ከቮልዩሙ ሁለት የዳር ገመዶች አንዱ ሲበጠስ ንባቡ ወደ አንዱ ዳር ይሄዳል። ያች መስመር ከሌለች ሞተሩ መድረሱን ስለማያውቅ ዘንጉን እስኪያጣምም ይገፋል። ዳርና ዳር ላይ ማቆሚያ ስዊች ብትጨምሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሞተሩን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ለማዞር ባለ ሁለት ቺፕ ቢቲኤስ 7960 ቦርድ ይበቃል። 43 አምፔር ይላል፤ እሱ የቺፑ ወሰን ነው። በዚያች ትንሽ ማቀዝቀዣ ያንን ያህል አትጠብቁ። ለመስኮት ሞተር ግን ትርፍ አለው።

ፕሮግራም መጻፍ ለማትወዱ ይህ ሁሉ ከባድ ሊመስል ይችላል። እውነት ነው፣ ከሰርቮ ሦስት እጥፍ ሥራ አለው። እኔን ያሸነፈኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ቅዳሜ ቢቃጠል ቅዳሜውኑ ከሰዓት ሌላ አገኛለሁ።

የዝናብ መጥረጊያ ሞተር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ጉልበቱም ከመስኮት ሞተር በጣም ይበልጣል። በዝግታው ፍጥነት በደቂቃ 45 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ ያለ ሰንሰለት በቀጥታ ሊገጠም ይችላል። ከ60 ኪሎ በላይ የሆነ መኪና፣ ልጅ የሚያስቀምጥ ትራክተር ዓይነት ነገር ከሠራችሁ እሱን ውሰዱ።

ወጥመዱ ይህ ነው። የመጥረጊያው ሞተር የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚያደርገው ከውጭ ያለው ክንድ ነው። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ ኔጌቲቩ ገመድ የለውም፤ የሞተሩ አካል ራሱ ኔጌቲቭ ነው። እኛ መሪ ስናደርገው ወደ ኋላ ለማዞር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንገለብጣለን። ያኔ አካሉ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሻሲው ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ በአንድ ብልጭታ ያልቃል። መልቲሜትር አውጡና ከአካሉ ወደ እያንዳንዱ ገመድ ለኩ። ጢጥ ካለ፣ ወይ ከፍታችሁ ኔጌቲቩን ከአካሉ ለዩና በራሱ ገመድ አውጡት፣ ወይ ሞተሩን በፕላስቲክ ሮንዴላና በፕላስቲክ ቦኮላ ከሻሲው ለዩት። የመስኮት ሞተር ከመጀመሪያው ወደ ሁለቱም ለመዞር ስለተሠራ ይህ ጣጣ የለበትም። ለ45 ኪሎ መኪና እሱን የመረጥኩት በዚህ ነው።

የፍጥነት ገመዶቹ ሁለት ናቸው፤ የዝግታውን ብቻ ተጠቀሙ። መጥረጊያውን ቦታው ላይ የሚያሳርፈው ውስጣዊ ስዊች አያስፈልግም፤ ገመዱን ለይታችሁ በቴፕ ጠቅልሉት።

ለሁለቱም ሞተሮች አንድ ነገር አስፈላጊ ነው። ጥምዝ ጥርሱ ወደ ኋላ አይሄድም ብያለሁ። ስለዚህ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዱላው የሚያርፍበት የለውም፤ ውስጥ ያለው የናይለን ጥርስ ላይ ይወርዳል። ከመካከለኛው ክንድ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ መሃል ላይ ሁለት ሞላ ፊት ለፊት አድርጉ። እኔ የሞተር ሳይክል ቫልቭ ሞላ ነው የተጠቀምኩት። ዳዶውን አጥብቁት፤ ቆሞ ሲዞር እንዳይታጠፍ፣ ድንጋይ ሲመታ ግን እንዲሰጥ። ሞላው የት ላይ እንደሚሰጥ ለማወቅ ጎማውን በእጃችሁ በኃይል ጠምዝዙት። የሻይ ብርጭቆ ጠርዝ ያህል ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ልክ ነው።

ሊኒየር አክቹዌተር

እየረዘመና እያጠረ የሚገፋ ዘንግ ነው፤ የሆስፒታል አልጋ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት። ጉልበቱ ያስደንቃል፣ አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ ውስጡ ቮልዩም ያለውም ይገኛል። ግን ይዘገያል። ብዙዎቹ በሰከንድ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄዱት። ጎማውን ከዳር እስከ ዳር ለማዞር 6 ሴንቲ ሜትር ካስፈለገ 6 ሰከንድ ነው። ከመሃል እስከ አንድ ዳር 3 ሰከንድ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ውስጥ 8 ሜትር ይሄዳል። መታጠፊያውን አልፋችሁ ነው የምትታጠፉት። በሰው እርምጃ ለሚሄድ ትራክተር ወይም ሎደር ከሆነ ድንቅ ነው። ለሌላው ተዉት።

ጎማ ሳያዞሩ፣ ግራና ቀኙን በተለያየ ፍጥነት በመንዳት የሚታጠፉም አሉ፤ ታንክና ዶዘር። ለእነሱ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ኤን ትሬን እንደዚያ ማድረግ ግን ኤን ትሬነቷን ማሳጣት ነው።

ዘንጎቹ

ምንም ሞተር ብትመርጡ ይህ አይቀርም። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጨኛው የበለጠ መዞር አለበት፤ ትንሽ ክብ ነው የሚሠራው። በኤን ትሬዬ ልኬት የውስጡ 30 ዲግሪ ሲዞር የውጨኛው 24 ዲግሪ ተኩል ነው የሚያስፈልገው። ይህን አሠራር የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ፈጥሮት፣ በ1818 እንግሊዝ አገር ባለመብትነቱን ያስመዘገበለት አከርማን ስለሆነ እስካሁን በአከርማን ስም ይጠራል። ለፈረስ ሠረገላ ነበር የታሰበው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ኪንግፒን ተነስቶ ወደ ኋላ አክስሉ መሃል የሚሄድ ክር ወጥሩ። ጎማው ላይ ያሉት ክንዶች በዚያ ክር ላይ ይተኙ፤ ታይሮዱ ጫፋቸውን ያገናኝ። ይህ የሚሠራው ታይሮዱ ከአክስሉ ኋላ ሲሆን ነው። ፊት ለፊት ካደረጋችሁት ክንዶቹ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፤ ያኔ ቸርኬው እንዳይነካቸው ተጠንቀቁ። ታይሮዱን በአንድ ጫፍ ቀኝ፣ በሌላው ግራ ጥርስ ካስወጣችሁት ሳትፈቱ ታስተካክሉታላችሁ።

መሪ ሞተሩ ሻሲው ላይ ይሁን ወይስ አክስሉ ላይ? አክስሉ ላይ ሲሆን ባሌስትራው ሲወርድና ሲወጣ መሪው አይነካም፤ አብረው ነው የሚሄዱት። ግን ጭቃውም ዱላውም እሱ ላይ ነው፤ ገመዱም በየጊዜው ይታጠፋል። ሻሲው ላይ ሲሆን ይጠበቃል፣ ከባድ ሞተርም ይችላል። ነገር ግን ዘንጉ አጭር ወይም ዘመም ያለ ከሆነ ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ጎማው በራሱ ይዞራል። ሰርቮ ከሆነ አክስል ላይ፣ የመስኮት ሞተር ከሆነ ሻሲ ላይ እላለሁ። ዘንጉን ረጅምና ባሌስትራው ባለበት ከፍታ አድርጉት። ከዚያ ሻሲውን በእጃችሁ ወደታች ተጭናችሁ ጎማውን እዩ። ከዞረ የዘንጉን ከፍታ ቀይሩ።

ሪሞቱ ቢጠፋስ?

ይህን ሳታደርጉ መኪናውን መሬት አታስነኩ። ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ መንጃውን በትንሹ አስነሱና ሪሞቱን አጥፉት። መንጃ ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ የሪሲቨሩን ሲግናል ሲጠፋ የሚሆነውን ቅንብር አስተካክሉ። አርዱይኖ ላይ ደግሞ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ምልክት ካልመጣ መሪውን ባለበት እንዲያቆም ጻፉ። መሃል እንዲመለስ የሚያደርጉ አሉ። እኔ ባለበት ይቁም ባይ ነኝ፤ እየታጠፈ ያለ መኪና በድንገት ቀጥ ሲል ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ለእኔ የጎደለኝ ፍሬን ነበር፤ አሁን አለ። ሲግናል ሲጠፋ የኋላ ጎማዎቹን ይይዛል።

እንግዲህ የቱን?

እስከ 15 ኪሎ፦ አንድ ጥሩ ሰርቮ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ፣ መካከለኛ ክንድ። ከ15 እስከ 35 ኪሎ፦ ውጭ አገር ካላችሁ ወይም ቶሎ የሚልክላችሁ ካለ 12 ቮልት ትልቅ ሰርቮ፤ ከሌለ የመስኮት ሞተር። ከ35 እስከ 60፦ የመስኮት ሞተር በሰንሰለት። ከዚያ በላይ፦ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ አካሉ ከኔጌቲቭ ተለይቶ። እየተሳበ ለሚሄድ ከባድ ማሽን፦ አክቹዌተር። ይህ ሁሉ የኪንግፒን ርቀታችሁ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ነው። ካልሆነ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ሂዱ።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የሞተር ሳይክል 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት መቆንጠጫ ያላቸው ገመዶችና መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት በሁለቱም አቅጣጫ አስነሱት። በአንዱ በኩል ፈጥኖ በሌላው ከዘገየ ካርቦኑ አልቆ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎንና ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተወላለቀ ቦኮላው ሄዷል። ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አይደበቅም። ደህና ሆኖ ካገኛችሁት ሁለት ግዙ፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት መኪና፣ ከአንድ ጎን በር የወጡ ይሁኑ። የቀኙና የግራው መቀመጫ ቀዳዳ ስለሚገለበጥ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።